ሕልም የሚመስል ሥዕል እንዴት ይታያል? በጣና ዳር ደረጃ በደረጃ

አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል። ዙሪያው ውሃ ነው፣ ወይ ሜዳ፣ ወይ አበባ። ሥዕሉ ሕልም ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ዓይነት ሥዕል ስልኩ ላይ ይከፍትና «ምን ማለት ነው?» ይላል። መልስ ሲያጣ ዘግቶት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ማብራሪያውን አስቀድሞ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ያነበበውን ብቻ ነው። አንደኛው ቶሎ ተስፋ ቆረጠ፣ ሁለተኛው ቶሎ ጨረሰ። ሥዕሉ ግን ገና አልታየም።

መመሪያው ለሁለቱም ነው። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እስከ ደረጃ 8 ድረስ አታንሡት። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ያለ ጊዜው ሲመጣ ግን ዓይንን ይዘጋል። በቅደም ተከተሉ ከሄዳችሁ ትርጉሙ ራሱ ካያችሁት ነገር ውስጥ ይወጣል።

ባሕር ዳር ላላችሁ ሰዎች ሥራው ይቀላል። ሐይቁ ደጃችሁ ነው፣ እኔም ብዙ ቦታ እሱን እጠቀምበታለሁ። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምንሠራበት ሥዕል

ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሠራው «ድሃው ዓሣ አጥማጅ» በሚባለው ሥዕል ነው። ሠዓሊው ፈረንሳዊው ፒየር ፑቪ ደ ሻቫን (1824–1898) ነው። ሥዕሉ ለሕዝብ የታየው በ1881 ሲሆን፣ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ኦርሴ ሙዚየም ተቀምጧል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሕልም መሰል ሥዕል የሚሥሉት ሲምቦሊስት የተባሉት ሠዓሊዎች ፑቪን እንደ ቀዳሚያቸው ያከብሩት ነበር።

ይህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ጣና ዳር የኖረ ሰው ጀልባ፣ መረብና መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። የማታውቁት ነገር ከበዛ ግን ግማሹን ጊዜ ዕቃ በመለየት ትጨርሱታላችሁ።

ትክክለኛውን ቅጂ አግኙ

ብዙ ሰው የሚወድቀው ገና እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ቅጂዎች ብዙዎቹ ቀለማቸው ተጋኗል፣ ወይ ጠርዛቸው ተቆርጧል። ስለዚህ፦

1. ሥዕሉን ከራሱ ከሙዚየሙ ገጽ ላይ ውሰዱ። በሠዓሊው ስም ፈልጉት።
2. መጠኑን አረጋግጡ። ዋናው ሥዕል ወርዱ 192 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 155 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስክሪናችሁ ላይ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቁመቱ 10 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በማስመሪያ ለኩት። ከዚህ ከራቀ ቅጂው ተቆርጧል፤ ሌላ ፈልጉ።
3. ቀለሙን እዩ። ፑቪ በፈዘዘና በማያብለጨልጭ ቀለም ነው የሚሠራው። ውሃው ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ከታያችሁ አንድ ሰው ነካክቶታል። ዝጉት።
4. ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ዳታ ቢያልቅ ወይ ኔትወርክ ቢጠፋ ከመሀል እንዳያቋርጣችሁ።

ላፕቶፕ ካላችሁ ከስልክ ይሻላል። በኤ3 ወረቀት በከለር ማሳተም ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ «አታድምቀው፣ እንዳለ አውጣልኝ» በሉ። ካላላችሁ፣ ባለቤቱ ቀለሙ የደከመ መስሎት አሳምሮ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ስክሪኑን አስተካክሉ

ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ናይት ሞድ አጥፉ። ፈዛዛ ሥዕል ላይ ትንሽ ቢጫ ሲጨመር ነገሩ በሙሉ ይለወጣል። ብርሃኑን መካከለኛ አድርጉት። ስክሪኑ እንዳይዞር ቆልፉት፤ ደረጃ 5 ላይ ስልኩን ትገለብጡታላችሁ። ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

እውነተኛ ስፋቱን ግድግዳ ላይ አሳዩ

ይህን አትዝለሉት። ገመድና ቴፕ ይዛችሁ ግድግዳ ላይ 192 በ155 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ ቁሙና ባዶውን አራት ማዕዘን ተመልከቱ። የምታዩት ሥዕል በእውነቱ ይህን ያህላል። ስልክ ላይ ዓሣ አጥማጁ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ እዚያ ግን እንደ ሰው ፊታችሁ ይቆማል። ይህን ልብ ሳይሉ «ትንሽ፣ ደብዛዛ ነገር ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሌላ የምትፈልጉት ደብተር፣ እርሳስ፣ ሁለት ቁራጭ ነጭ ወረቀትና ከተገኘ አንድ ጓደኛ ነው። ደብተሩን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ «የሚታይ»፣ በቀኝ «ከእኔ የመጣ» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ውሃውን እዩ

ጊዜ፦ 15 ደቂቃ፣ ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሣ።

ሐይቁ ዳር ሂዱ። ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡባዊ ጫፍ ስለሆነ ፊታችሁን ወደ ውሃው ስታዞሩ የምታዩት ወደ ሰሜን ነው። የጠዋት ፀሐይ በቀኛችሁ ትሆናለች እንጂ ዓይናችሁ ውስጥ አትገባም። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም።

አሁን እነዚህን በተራ አድርጉ፦

1. ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ፈልጉ። ጭጋግ ባለበት ጠዋት መስመሩ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የት ላይ እንደሚጠፋ እዩ።
2. የውሃውን ቀለም ጻፉ። «ሰማያዊ» የሚለውን ቃል መጠቀም ክልክል ነው። በክረምት ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ ውሃው ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ በበጋም ቢሆን አመድማና አረንጓዴ ነገር አለበት። ያያችሁትን ጻፉ።
3. የደንገል ታንኳ ካለፈ እስኪርቅ ድረስ በዓይናችሁ ተከተሉት። ቀዛፊው ለውሃው ምን ያህል እንደሚቀርብ እዩ። መቅዘፊያው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይገባል። በእያንዳንዱ ቀዘፋ ትከሻው ይዞራል፣ ታንኳው ትንሽ ያዘነብላል፣ ከኋላው ውሃው ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። አንድም የሰውነቱ ክፍል ሥራ አልፈታም።
4. የሚረብሽ ነገር ሁሉ ይመዝገብ። ሞገድ፣ የፀሐይ ነጸብራቅ፣ ፔሊካን፣ የሞተር ጀልባ ድምፅ፣ የተጣለ ሃይላንድ።

ይህ ዝርዝር በኋላ ያስፈልጋችኋል። ሕልም መሰል ሥዕል የሚሠራው ብዙ ነገር በማስቀረት ነው። ውሃ ምን ምን እንዳለው ካላወቃችሁ፣ ሠዓሊው ምኑን እንዳስቀረ አታውቁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶ አታንሡ። ስልኩ ከወጣ ዓይናችሁ ሥራውን ለእሱ ያስረክባል።

ዝናብ ከሆነ፦ ውሃው በሚታይበት ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩት። ንፋስ ከተነሣና ሐይቁ ከተናወጠ ግን ለሌላ ጠዋት አቆዩት፤ መስመሩ አይታያችሁም።

ደረጃ 2፦ ሦስት ደቂቃ ያለ ቃል

ጥላ ያለበት ቦታ ግቡ። ሥዕሉን ክፈቱ። ርዕሱ ከታች ተጽፎ ከሆነ በወረቀት ሸፍኑት። የስልክ ሰዓት ለሦስት ደቂቃ ሙሉ።

አትናገሩ፣ አትጻፉ፣ አታጉሉ። ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ ለእሱም ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

የመጀመሪያው ደቂቃ ቀላል ነው። በሁለተኛው «አየሁት፣ በቃ» የሚል ስሜት ይመጣል። አታቁሙ። ከዚህ ስሜት በኋላ ነው ዓይን ወደ ጠርዝ፣ ወደ ባዶው ቦታ፣ ወደ ትናንሾቹ ነገሮች መሄድ የሚጀምረው። ሰዓቱ ሲጮህ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፦ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? ቀጥሎስ የት ሄደ?

ሐሳባችሁ ከባዘነ፦ ራሳችሁን አትውቀሱ። ዓይናችሁን ከሰውየው ራስ ላይ አስነሡና በጀልባው ጠርዝ አድርጋችሁ እስከ ሩቁ ዳርቻ ድረስ ቀስ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ደረጃ 3፦ የሚታየውን ብቻ ጻፉ

አሁን «የሚታይ» የሚለውን ዓምድ ሙሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሌላ ሰው በጣቱ ሊያመለክተው የማይችለው ነገር አይጻፍም። «ሐዘን» በጣት አይነካም። «ድህነት» አይነካም። የተደፋ ራስ ግን ይነካል።

ዝርዝሩ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

ሰውየው ጀልባ ውስጥ ቆሟል። ራሱን ደፍቷል። እጆቹ ከፊቱ ተጣምረዋል። መረቡ ውሃ ውስጥ ነው። ዳርቻው ላይ ሕፃን ተኝቷል። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አበባ ትለቅማለች። ውሃው ሰፊ ነው። ሩቅ ያለው መሬት ዝቅ ያለ ነው።

ሃያ መስመር እስኪሞላ ቀጥሉ። ከአሥር በኋላ ይከብዳል። ያኔ ማጉላት ይፈቀዳል። የሰውየውን ልብስ፣ የጀልባውን እንጨት፣ አበቦቹን አንድ በአንድ እዩ።

በብዛት የሚሠራው ስሕተት «ይጸልያል» ብሎ መጻፍ ነው። የእኛ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ታላቅ ፊት እጅን አጣምሮ መቆም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ራስን ዝቅ አድርጎ መቆም ያደግንበት ነው። ስለዚህ አትሰርዙት፤ ወደ «ከእኔ የመጣ» ዓምድ አዛውሩት። እዚያ ያለው ነገር ውሸት ነው ማለት አይደለም። ከየት እንደመጣ ማወቃችሁ ነው ጥቅሙ።

ሴትየዋ ሚስቱ ናት ወይስ ልጁ? ሥዕሉ ላይ የሚነግራችሁ ነገር የለም። «ሴት» ብላችሁ ተዉት። ለዚህ መልስ ፍለጋ ኢንተርኔት አትክፈቱ፤ ከከፈታችሁ የቀረው ደረጃ ተበላሸ።

ደረጃ 4፦ የሌለውን ጻፉ

ከደረጃ 1 ያመጣችሁትን ዝርዝር አውጡ። ሐይቁ ላይ የነበረ፣ ሥዕሉ ላይ ግን የሌለ ነገር ምንድን ነው?

ሞገድ የለም። ፀሐይዋ አትታይም። ጠንካራ ጥላ የለም። ቤት የለም። ሌላ ጀልባ የለም። የተያዘ ዓሣ አይታይም።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ያለበት ሥዕል ላይ ዓሣ አለመኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አሁንም አትተርጉሙ። «ዓሣ አይታይም» ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

ሰውነቱንም ከታንኳው ቀዛፊ ጋር አስተያዩት። የቀዛፊው እጅ፣ ትከሻ፣ ወገብ ሁሉ ይሠራ ነበር። እዚህ ሁለቱም እጆች ሥራ ፈትተዋል። በሥራ መሀል ያለ ሰው ነው፣ ሰውነቱ ግን አይሠራም። ሕልም ሕልም የሚለው አንዱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃ 5፦ ሸፍኑና ግለጡ

ከሁሉም ደረጃ የምወደው ይህ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ሌላውን አሳጥሩ፣ ይህን ግን በሙሉ ሥሩት። ቁራጭ ወረቀቶቹን አዘጋጁ።

1. ሰውየውን ሸፍኑ። የቀረው ምንድን ነው? ረጋ ያለ ውሃ፣ አበባ የምትለቅም ሴት፣ የተኛ ሕፃን። ብቻውን ቢሆን መልካም ጠዋት ነው። አንድ ቃል ጻፉ።
2. ሰውየውን ግለጡና ሴትየዋንና ሕፃኑን ሸፍኑ። አሁን ያለው አንድ ሰውና ውሃ ብቻ ነው። ክብደቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? አንድ ቃል ጻፉ።
3. ሁሉንም ግለጡና አበቦቹን ብቻ ለመሸፈን ሞክሩ። ዳርቻው ምን ሆነ?
4. ከውሃው የላይኛው ጠርዝ በላይ ያለውን ሰማይ በሙሉ ሸፍኑ። ሰውየው የታፈነ መሰላችሁ ወይስ የተጠጋችሁ?
5. ስልኩን ወይም ወረቀቱን ገልብጡት። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ሰውና ጀልባ መሆናቸው ይጠፋና የጨለማና የብርሃን ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። የትኛው ቦታ ይከብዳል?

እያንዳንዱን ስትገልጡ ቀስ በሉ። ለውጡ የሚሰማው በምትገልጡባት ቅጽበት ነው። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ካነሣችሁ አይታያችሁም።

ለውጥ ካልታያችሁ፦ ወረቀታችሁ ባለ መስመር ወይም ባለ ቀለም ይሆናል። ዓይን ወደ መስመሩ ይሄዳል። ነጭ ወረቀት ተጠቀሙ። ስልክ ላይ ስትሸፍኑ ጣታችሁ ስክሪኑን ነክቶ ሥዕሉን እንዳያንቀሳቅሰው፣ ሥዕሉን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ሙሉ ስክሪን ላይ ክፈቱት፤ ወረቀቱንም በጥፍር ጫፍ ያዙት።

ደረጃ 6፦ አቋቋሙን በራሳችሁ ሞክሩ

ቁሙ። መሬት ላይ፤ ጀልባና ታንኳ ላይ በፍጹም አትሞክሩት። ራሳችሁን ወደ ደረታችሁ ዝቅ አድርጉ። እጆቻችሁን ከፊት አጣምሩ። ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ጓደኛችሁ ሥዕሉን እያየ ያርማችሁ፦ «ትከሻህን ልቀቀው»፣ «አገጭሽን ዝቅ አድርጊው»።

ከዚያ ተቀመጡና የተሰማችሁን ጻፉ። አንገት ላይ የሚከብድ ነገር አለ? ትንፋሽ አጠረ ወይስ ረዘመ? የምታዩት መሬት ምን ያህል ጠበበ? ራሱን የደፋ ሰው ያን ሁሉ ሰፊ ውሃ አያይም። እኛ እናየዋለን፣ እሱ አያየውም። ይህን ቁጭ ብሎ በማሰብ ማግኘት ይከብዳል፤ ቆሞ የሞከረው ሰው ወዲያው ያገኘዋል።

ሰው ያያል ብላችሁ ካፈራችሁ ቤት ገብታችሁ ሥሩት። አትተዉት።

ደረጃ 7፦ ቀለሙን ሰይሙ

አጭር ደረጃ ናት። አምስት ቀለም ብቻ ምረጡና የትኛው የት እንደሚደጋገም ጻፉ። ግራጫ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ የደከመ አረንጓዴ፣ ቡኒ። የሰውየው ቀለም ከውሃውና ከመሬቱ ምን ያህል እንደሚቀራረብ እዩ። በጣም ደማቁ ነገር የቱ ነው? ማን አጠገብ ነው ያለው?

ፑቪ ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎችን የሚሠራ ሰው ነበር። ሸራ ላይ ሥሎ ሸራውን ግድግዳ ላይ ያስለጥፋል። የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ያደረጉት እንዲህ ነው፤ ጨርቅ ላይ ሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ልዩነቱ ቀለሙ ላይ ነው። የእኛዎቹ ቀይና ቢጫን በድፍረት ያስቀምጣሉ። እሱ ሆን ብሎ ያደክመዋል፤ እንደ ግድግዳው የፈዘዘና የማያብለጨልጭ እንዲሆን። ስለዚህ «ቀለሙ ደክሟል» ብላችሁ ሥዕሉን አትናቁት።

ደረጃ 8፦ አሁን «ምን ማለት ነው?» በሉ

የሸፈናችሁትን ርዕስ ግለጡ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ይህ ሥዕል ስለ … ነው።»

ዓረፍተ ነገሩን በሁለት ጥያቄ ፈትኑት፦

1. «የሚታይ» ከሚለው ዓምድ ቢያንስ ሦስት መስመር ይደግፈዋል?
2. የማይመልሰው መስመር የቱ ነው?

ሁለተኛው ይበልጣል። እስቲ አብረን እንሞክር።

«ስለ ድህነት ነው።» ልብሱ፣ ዓሣ አለመታየቱ፣ ርዕሱም ይደግፈዋል። ግን አበቦቹስ? ሴትየዋስ? ለድህነት ብቻ ቢሆን ዳርቻው ላይ አበባ ማብቀል ለምን አስፈለገ? ይህ ንባብ ስሕተት አይደለም፣ ግን ግማሹን ሥዕል ይተወዋል። ርዕሱን ሥዕሉን ለመፈለግ ግድ ሆኖ መጀመሪያ ላይ ብነግራችሁም፣ በደረጃ 2 ከዓይናችሁ ያስሸፈንኳችሁ ለዚህ ነው፤ «ድሃው» የሚለውን ያነበበ ሰው ከድህነት ሌላ አይፈልግም።

«ይጸልያል።» ራሱ፣ እጁ፣ ዝምታው ይደግፈዋል። መረቡ ግን ውሃ ውስጥ ነው፤ ሥራ ላይ ነው ያለው። ጸሎት ከሆነ የሥራ መሀል ጸሎት ነው። እንዲህ ብላችሁ አስተካክሉት፣ ይጠነክራል።

«ስለ መጠበቅ ነው።» መረቡ ተጥሏል፣ ሰውነቱ ጸጥ ብሏል፣ ውሃው አይናወጥም፣ ሕፃኑ ተኝቷል። አራት መስመር ደገፈው። የማይመልሰው ሴትየዋን ነው። ከሁሉም መሀል እጇ የሚሠራው የእሷ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቆሞ እሷ ትለቅማለች። እኔ ሥዕሉን መውደድ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። እሱ የሚመጣውን ይጠብቃል፣ እሷ ያለውን ታነሣለች። እሱ ራሱን ስለደፋ አያያትም።

የእናንተ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ቢለይ ችግር የለውም። ሦስት መስመር ይደግፈው፣ የማይመልሰውንም በግልጽ ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ አበባ ሁልጊዜ ደስታ ነው ብላችሁ አትነሡ። የእምቦጭ አበባ ሐምራዊና የሚያምር ነው። ሐይቁን ለማያውቅ እንግዳ ፎቶ የሚያስነሣ ነው፤ መረቡ ለተያዘበት ዓሣ አጥማጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የሥዕል አበባም እንዲሁ የሚፈታው ካለበት ቦታ ተነሥቶ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ የሚያሳስትበት ቦታ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ የእኛ አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ነው። ከልጅነታችን ሥዕል ማንበብ የተማርነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚያ ምልክቱ የታወቀ ነው። ነጭ ፈረስና ዘንዶ ካየን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ክርክር የለም። ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዘጌ ወርዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትገቡ በዚህ ሕግ ግድግዳውን በሙሉ ማንበብ ትችላላችሁ።

ሕልም መሰል ሥዕል ላይ ይህ ሕግ አይሠራም። ለመለማመድ ሁለተኛ ሥዕል ክፈቱ፦ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኦዲሎን ሬዶን «ሳይክሎፕስ»። በ1914 አካባቢ የተሣለ ነው፤ ኔዘርላንድስ፣ ኦተርሎ ከተማ፣ ክሮለር ሙለር ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አበባ በሞላበት ተዳፋት ላይ አንዲት ራቁቷን የሆነች ሴት ተኝታለች። ከኮረብታው ጀርባ አንድ ግዙፍ ፍጡር ብቅ ብሏል። ግንባሩ ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ብቻ አለው።

ፈተናው ይኸው ነው። አንድ ዓይን ያየ የእኛ ሰው «ሰይጣን ነው» ይላል። አቁሙ። «ከእኔ የመጣ» ላይ ጻፉትና ከደረጃ 2 ጀምራችሁ ሥሩ። ደረጃ 5 ላይ ሴትየዋን ስትሸፍኑና ስትገልጡ ዓይኑ ምን እንደሚሆን እዩ። ኮረብታው በመካከላቸው እንዳለ አስተውሉ። ሊነካት እጁን ዘርግቷል? ወይስ ተደብቆ ነው የቆመው?

ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ይህን አንብቡ፦ ፍጡሩ በግሪክ አፈ ታሪክ ውስጥ ፖሊፌሞስ ይባላል። ሰው የሚበላ ነው። ገላቴያ የምትባል የባሕር ልጅ አፍቅሮ ነበር። ሬዶን የሣለው ሰው በላውን አይደለም፣ አፍቃሪውን ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጥርኝ ውሃ ምሕረት ያገኘውን በላዔ ሰብን የምናውቅ ሰዎች ነን።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ምንም አልተሰማኝም። መጀመሪያ ቅጂውን አረጋግጡ፤ ቀለሙ የተጋነነ ወይም የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። እሱ ደህና ከሆነ ደረጃ 5ን ብቻ ድገሙ። አሁንም ከሌለ ሥዕሉን ለሁለት ቀን ተዉት። ደብተሩን ግን አትጣሉ።

«ያሳዝናል» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። «ያሳዝናል»ን ሰርዙና «የቱ ጋ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንገቱ ላይ ነው? ውሃው ላይ ነው? ሐዘኑን ሥዕሉ ላይ በጣታችሁ አሳዩ። ቦታው ሲገኝ ቃሉም ይመጣል።

ጓደኛዬ ፍጹም ሌላ ነገር አየ። ዓምዶቻችሁን አስተያዩ። ልዩነቱ «የሚታይ» ላይ ከሆነ አንዳችሁ አንድ ነገር አላያችሁም፤ ሥዕሉን ከፍታችሁ በጣት አመልክቱ። ልዩነቱ «ከእኔ የመጣ» ላይ ከሆነ አትከራከሩ፤ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ያልተናነሰ ጨዋታ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ማብራሪያውን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። ያነበባችሁትን በሙሉ ቀኙ ዓምድ ላይ አራግፉት። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ሥዕሉ ላይ ፈልጉት። ያገኛችሁትን ወደ ግራ አዛውሩ። ያላገኛችሁት እዚያው ይቆይ።

ከልጅ ጋር ነው የምሠራው። ደረጃ 2ን ወደ አንድ ደቂቃ አውርዱት፣ ደረጃ 4ን አስቀድሙት። ልጆች «እዚህ ምን ጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ከአዋቂ በበለጠ ይመልሳሉ። ሳይክሎፕስን ግን ለትልልቆቹ አቆዩት።

የገዳማቱን ሥዕል ለማነጻጸር መሄድ እፈልጋለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጫማ ይወለቃል፣ ፍላሽ ማብራት አይፈቀድም። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ሴት ካለች ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ምረጡ። ጀልባውን በጠዋት ያዙ፣ ከቀትር በኋላ ሞገድ ይነሣል። ዓምዶቹን እዚያም ተጠቀሙ፣ ልዩነቱ «ከእኔ የመጣ» የሚለው ሥር የምትጽፉት ብዙው እዚያ በትክክል ይሠራል።

ቀጥሎ የሚታይ

ሁለቱን ከጨረሳችሁ የሬዶንን «የተጨፈኑ ዓይኖች» ውሰዱ። በ1890 የተሣለ ነው፣ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል፣ 44 በ36 ሴንቲ ሜትር ነው። ግድግዳ ላይ በገመድ ሥሩት፤ ከዓሣ አጥማጁ አጠገብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገርማችኋል። ራስና ትከሻ ብቻ ነው ያለው፤ ከውሃ የሚመስል ጠፍጣፋ ነገር በላይ ብቅ ብሏል፣ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል።

እዚህ የሚሸፈነው ነገር ሁለት ብቻ ስለሆነ ደረጃ 5ን እንዲህ ለውጡት፦ መጀመሪያ ውሃ የሚመስለውን የታችኛውን ክፍል ሸፍኑና ፊቱን ብቻ እዩ። ከዚያ ፊቱን ሸፍኑና ከታች ያለውን ብቻ እዩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ በጣም ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ቀለሙ በጣም ስስ ነው የተቀባው፤ አጉልታችሁ ብታዩት የሸራው ክር ይታያል። ይህን ሥዕል በመጀመሪያ ቀን አትሞክሩት። የሚዘረዘር ነገር ስለሚያንሰው፣ ያልተለማመደ ሰው ደረጃ 3 ላይ አምስት መስመር ጽፎ ያቆማል። ዓሣ አጥማጁ ላይ ሃያ መስመር መሙላት ሲቀላችሁ ነው ጊዜው።